ከልጆችና ከአያት ጋር በኪዮቶ ማቺያ ማደር፦ ከመክፈላችሁ በፊት ጀምሮ ቁልፍ እስክትመልሱ

የጃፓኗ ኪዮቶ ገብተው፣ ማቺያ ተከራይተው፣ በማግስቱ ስልካቸው ላይ ሆቴል መፈለግ የሚጀምሩ ቤተሰቦች አሉ። ቤቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ፎቶ አይተው ከፈሉ፣ ደረጃውን ግን አላዩትም። አያት ወለል ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ መነሳት አቃታቸው። ትንሹ ልጅ ሻንጣ እንኳ ሳይፈታ የወረቀቱን በር በጣቱ በሳው። ማታ ደግሞ ጎረቤት ለአከራዩ ደውሎ ስለ ጫጫታ አቤት አለ።

ማቺያ የድሮ የኪዮቶ የእንጨት ቤት ነው። ፊቱ ጠባብ ነው፣ ወደ ጓሮ ግን እየረዘመ ይሄዳል። ወለሉ ታታሚ የሚባል ወፍራም የሳር ምንጣፍ ለብሷል። ውበቱን ሄዳችሁ ታዩታላችሁ፤ እዚህ የምንነጋገረው እንዴት ያለ ጣጣ እንደምታድሩበት ነው።

1. ከመክፈላችሁ በፊት አከራዩን ጠይቁ

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። አብዛኛው ጣጣ የሚያልቀው ገና ካርዳችሁን ሳታወጡ ነው። ለአከራዩ መልእክት ጻፉ።

ደረጃው እንዴት ነው? ከታች ወደ ላይ የተነሳ ፎቶ ላክልን በሉት። የማቺያ ደረጃ ቆጥ ላይ እንደሚያወጣ መሰላል ነው፤ ቀጥ ያለ፣ መርገጫው ጠባብ፣ አንዳንዱ ጋ መደገፊያ የሌለው። እንጨቱ ከመወልወል ብዛት በካልሲ ያንሸራትታል።

ሽንት ቤቱ የትኛው ፎቅ ላይ ነው? ብዙ ጊዜ ታች ነው፣ መኝታው ደግሞ ላይ። ሌሊት የሚነሳ ትልቅ ሰው ወይም ገና ዳይፐር የለቀቀ ልጅ ካላችሁ በዚያ ደረጃ በጨለማ መውረድ ሊኖር ነው። ታች የሚተኛበት ክፍል ከሌለ ያንን ቤት ተዉት። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

አልጋ አለው ወይስ ፉቶን ብቻ? ፉቶን ወለል ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ ነው። ጉልበት ለሚያማቸው እናት መተኛቱ ሳይሆን መነሳቱ ነው ችግሩ። የታደሱ ማቺያዎች ውስጥ አንድ ክፍል አልጋ ያላቸው አሉ። እነሱን ፈልጉ። ወንበር ያለው የምግብ ጠረጴዛ መኖሩንም አብራችሁ ጠይቁ፣ አለበለዚያ ሦስቱም ማዕድ መሬት ላይ ነው።

ልጆች ይፈቀዳሉ? በደረጃውና በወረቀት በሮቹ ምክንያት ትንንሽ ልጆችን የማይቀበሉ ቤቶች አሉ። የልጆቹን ዕድሜ አንድ በአንድ ጻፉ፣ ጨቅላውንም ጨምሩ። ደብቆ መግባት አያዋጣም፤ ሲገቡ ሰው ይቆጠራል፣ ፓስፖርትም ይታያል። ጃፓን ውስጥ አድራሻ የሌለው የውጭ ዜጋ ሲያድር ፓስፖርቱን ማሳየት አለበት፣ ኮፒውም ይቀመጣል፣ ስለዚህ ፓስፖርት ሲጠየቅ አትደንግጡ።

የፈቃድ ቁጥራችሁ ስንት ነው? በፈረንጆቹ ሰኔ 2018 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ቤቱን ለእንግዳ የሚያከራይ ሰው እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ቁጥሩ ማስታወቂያው ላይ ካልተጻፈና ስትጠይቁ የሚሽኮረመም አከራይ ካጋጠማችሁ እለፉት። ለቪዛ ማመልከቻ የማደሪያ ማስረጃ ለምታስገቡ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዦች ይህ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ደግሞ በነጻ ሊሰረዝ የሚችል ቦታ ብቻ ያዙ።

ጠቅላላ ዋጋው ግብሩን ይጨምራል? ኪዮቶ ከተማ በአንድ ሰው በአንድ ሌሊት የማደሪያ ግብር ታስከፍላለች። ከማርች 2026 ጀምሮ ታሪፉ ጨምሯል፦ አዳሩ ለአንድ ሰው ከ6,000 የን በታች ከሆነ 200፣ እስከ 20,000 የን 400፣ ከዚያ በላይ እስከ 50,000 የን 1,000 የን። ለስድስት ሰው ለአራት ሌሊት ስታሰሉት ቀላል ብር አይደለም። ግብሩ አንዳንዴ ቁልፍ ስትቀበሉ በጥሬ ገንዘብ ነው የሚጠየቀው።

ቁልፍ የምንቀበለው የት ነው? ይህን ሳይጠይቁ ሻንጣ እየጎተቱ ባዶ ቤት በር ላይ የሚቆሙ ብዙ ናቸው። ብዙ ማቺያ እንግዳ መቀበያው ሌላ ሰፈር ነው፣ አንዳንዴም ባቡር ጣቢያው አጠገብ።

ወቅቱንም አስቡበት። ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ የቼሪ አበባ ነው፣ ከኖቬምበር አጋማሽ በኋላ የዛፍ ቅጠል የሚቀላበት ነው። በሁለቱም ዋጋው ሰማይ ይነካል፣ ጥሩዎቹ ቤቶችም ከወራት በፊት ያልቃሉ። ሰፈርን በተመለከተ ሁሉም ጊዮን ካልሆነ ይላል። ከልጅ ጋር ከሆናችሁ እኔ ኒሺጂንን ወይም ከጣቢያው በስተሰሜን ያለውን ሺሞግዮን እመርጣለሁ፤ ግፊያው ይቀንሳል፣ ሱፐርማርኬትም በእግር ይገኛል።

2. ሻንጣ ስታዘጋጁ

ሻንጣ አሳንሱ። ማቺያ ውስጥ ትልቅ ሻንጣ የሚከፈትበት ቦታ የለም፣ በደረጃው ላይ ማውጣትም ቅጣት ነው። ባለ ጎማ ሻንጣ ታታሚ ላይ ፈጽሞ አይነዳም።

ያዙ፦ ቶሎ የሚወልቅና የሚጠለቅ ጫማ፣ ያልተቀደደ ካልሲ (ቀኑን ሙሉ ጫማ ስታወልቁ ትውላላችሁ)፣ ለሌሊት ትንሽ የእጅ መብራት፣ ለልጆች ከስር ላስቲክ ያለው ካልሲ።

መብራቱ 100 ቮልት ነው፣ ሶኬቱ ሁለት ጠፍጣፋ እግር ይቀበላል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር በአዳፕተር ብቻ ይሠራል። ከአገር ቤት ያመጣችሁት ባለ 220 ፒያስትራና ካውያ ግን በቅጡ አይሞቅም፣ ቤት ተዉት።

ቋንጣ አትያዙ። ዶሮ ወጥም በዕቃ አሽጋችሁ አትያዙ። ጃፓን ያለ ምርመራ ሰርተፊኬት ሥጋና የሥጋ ውጤት አታስገባም፣ ኤርፖርት ውስጥ አነፍናፊ ውሾች አሉ፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። «እናቴ ናት የላከችው» አይሠራም።

3. ከኤርፖርት እስከ በሩ

በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ የምትመጡ የምታርፉት ቶኪዮ አጠገብ ናሪታ ነው። ከዚያ ኪዮቶ ሩቅ ነው፦ መጀመሪያ ወደ ቶኪዮ ባቡር፣ ከዚያ ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ከሩብ አካባቢ። ከዚያ ረጅም በረራ በኋላ ልጆችን ይዛችሁ በዚያው ቀን አትሞክሩት። ቶኪዮ አንድ ሌሊት እደሩ። ወደ ካንሳይ ኤርፖርት የሚገባ በረራ ያገኛችሁ ግን ሃሩካ በሚባለው ባቡር በሰዓት ከሩብ ገደማ ኪዮቶ ናችሁ።

ሺንካንሰን ላይ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ሲደመር ከ160 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ሻንጣ ካላችሁ ትኬት ስትቆርጡ የሻንጣ ቦታ ያለውን ወንበር ያዙ። ጭማሪ ክፍያ የለውም። ሳትይዙ ከገባችሁ 1,000 የን ትቀጣላችሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ሻንጣውን ታክዩቢን በሚባለው ዕቃ አድራሽ አገልግሎት መላክ ነው። ኤርፖርት ውስጥ ዕቃ መቀበያ ቦታ አላቸው፣ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይደርሳል። ግን መጀመሪያ አከራዩን ጠይቁ፤ ባዶ ቤት ሻንጣ የሚቀበል ሰው የለም። ለአንድ ሌሊት የሚሆን ልብስና መድኃኒት በእጃችሁ ያዙ።

ኪዮቶ ጣቢያ ስትደርሱ ታክሲ ያዙ እንጂ በሻንጣ ከተማ አውቶቡስ ላይ አትውጡ። አውቶቡሱ ጢም ያለ ነው፣ ሰውም ይከፋዋል። ለሾፌሩ አድራሻውን በጃፓንኛ የተጻፈውን አሳዩት፤ የኪዮቶ አድራሻ «ከዚህ መንገድ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ» እያለ የሚሄድ ስለሆነ በላቲን ፊደል ከተጻፈው አይረዳም። ስልክ ላይ ካርታውን በምልክቱ አስቀምጡ።

ታክሲው ቅያሱ አፍ ላይ ቢያወርዳችሁ አትከራከሩት፣ ውስጥ መግባት አይችልም። ከዚያ ሻንጣውን አንሱ እንጂ አትጎትቱ። ድንጋይ ላይ የሚንኳኳ ጎማ በጠባቡ መንገድ ውስጥ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

4. የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት

ይቺን ግማሽ ሰዓት ካበላሻችኋት ቀሪው ቀን ማባረር ነው። ልጆቹ ከመሮጣቸው በፊት እንዲህ አድርጉ።

አንድ። በሩን ከፍታችሁ የምትቆሙበት ዝቅ ያለ ቦታ ጌንካን ይባላል። ጫማ እዚያው ይወልቃል። ያወለቀ ሰው ዝቅ ያለውን ወለል በካልሲ አይረግጥም፤ አንድ እግር ከጫማ ወጥቶ ቀጥታ ከፍ ያለው እንጨት ላይ ያርፋል። ለልጅ አንዴ ሠርታችሁ አሳዩት፣ ከዚያ እሱ አሠልጣኝ ይሆናል። ጫማዎቹን አፍንጫቸውን ወደ በሩ አዙራችሁ ደርድሩ።

ሁለት። ስሊፐር እንጨት ላይ ብቻ ነው። ታታሚ ጋ ስትደርሱ ይወልቃል፣ በካልሲ ወይም በባዶ እግር ግቡ። ሽንት ቤት ውስጥ የራሱ ስሊፐር አለ። እሱን አድርጎ ሳሎን መውጣት የሁሉም እንግዳ ስህተት ነውና በሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ በፕላስተር ሳይሆን በሩ እጀታ ላይ አንጠልጥላችሁ።

ሦስት። የሚንሸራተቱትን በሮች አሳዩአቸው። በሁለት እጅ፣ ቀስ ብሎ፣ ከእጀታው። ወረቀቱ አይነካም። አንዱን በር የሚወዳደሩበት ካደረጉት ከሃዲዱ ይወጣል። ከወጣ አትታገሉት፤ ሁለት ትልቅ ሰው ሆናችሁ መጀመሪያ ላይኛው ሃዲድ ውስጥ አስገቡት፣ ከዚያ ታችኛው ላይ አሳርፉት።

አራት። ግድግዳው ላይ ገባ ያለ፣ ሥዕል የተሰቀለበትና አበባ የተቀመጠበት ቦታ ካለ ሻንጣ አታስቀምጡበት፣ ልጅም አይቀመጥበት። ለጌጥ ብቻ ነው። መሐል ላይ ያለችው ትንሽ ግቢም ለማየት ናት፣ መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሸፈነው አረንጓዴ ሽበት አይረገጥም።

አምስት። አባወራው ረጅም ከሆነ ይጠንቀቅ። የክፍሎቹ በር መቃን ብዙ ጊዜ ከ1 ሜትር ከ80 በታች ነው። ቀን ላይ ታያላችሁ፣ ሌሊት ግን ግንባር ነው የሚያየው። ፎጣ ወይም ደማቅ ነገር አንጠልጥሉበት።

ስድስት። ቀድሞ የተቀደደ ወረቀት፣ የተቧጨረ ወለል ካያችሁ ወዲያው ፎቶ አንስታችሁ ለአከራዩ ላኩ።

ደረጃውን በተመለከተ ሕግ አውጡ፦ በባዶ እግር፣ አንድ እጅ ባዶ፣ ልጆች ሲወርዱ ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረው። የሚድህ ልጅ ካለ ከታችና ከላይ ሻንጣ ገትራችሁ ዝጉት።

5. ባኞ

ትልቁ ብልሽት የሚመጣው እዚህ ነው። የጃፓን ገንዳ ሳሙና አይገባበትም፣ ውሃውም ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

የገንዳውን መውረጃ ዝጉ። ግድግዳው ላይ ያለውን የሙቅ ውሃ መቆጣጠሪያ ፓኔል አብሩ። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ሙቀቱን 39 ወይም 40 ላይ አድርጉ፤ ጃፓኖች 42 ላይ ይገባሉ፣ ለሕጻን ግን ይበዛል። ትልቁን ራሱ የሚሞላውን ቁልፍ ተጫኑ። ሲሞላ ራሱ ይቆማል፣ በዜማም ይናገራል። መክደኛውን አድርጉበት።

ከዚያ ሁሉም ሰው ከገንዳው ውጪ፣ በትንሿ በርጩማ ተቀምጦ፣ በሻወር በሳሙና ይታጠባል። ሙሉ በሙሉ ይለቃለቃል። ገንዳው ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ ለመዘፍዘፍ ብቻ። ሲወጣ ውሃውን አያፈስም። መክደኛውን መልሶ ለሚቀጥለው ይተዋል። ከቀዘቀዘ እንደገና የሚያሞቅ ቁልፍ ያላቸው አሉ።

ገንዳው ጥልቅ ነው። ትንሽ ልጅ ካለ የመጨረሻው ሰው እንደወጣ ውሃውን አፍስሱ፣ የባኞ ቤቱንም በር ዝጉ። «ነገ ልብስ እናጥብበታለን» ብላችሁ አታሳድሩት። በዚህ ቀልድ የለም።

ሲበላሽ፦ ገንዳው ካልሞላ መውረጃው አልተዘጋም ማለት ነው። ሙቅ ውሃ ጭራሽ ካልመጣ ወጥ ቤት ያለው ፓኔል ጠፍቶ እንደሆነ እዩ፣ ሁለቱ ተያያዥ ናቸው። ሙቀቱ አልስተካከል ካለ ባኞ ቤት ያለው ፓኔል ላይ «ቅድሚያ» የሚለውን ቁልፍ ፈልጉ። ጽሑፉ ጃፓንኛ ከሆነ በስልክ ካሜራ ጉግል ትርጉም ያነብላችኋል። ይህ ሁሉ ካልሠራ ጋዙ ተዘግቶ ይሆናል፣ አከራዩ ጋ ደውሉ።

6. ማታ ማንጠፍ፣ ጠዋት ማንሳት

ፍራሾቹ ግድግዳ በሚመስለው ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ ወፍራሙ ፍራሽ፣ ከዚያ አንሶላ፣ ከዚያ ብርድ ልብሱ። ወገብ ለሚያመው ሰው ሁለት ፍራሽ ደርቡ። ከአጠገባቸው ከባድ ወንበር ወይም ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አስጠጉ፣ ሲነሱ ይደገፉበታል።

ጠዋት አጥፋችሁ መልሱ። ቀኑን ሙሉ ተነጥፎ ከዋለ የሰው ላብ ከስር ይታመቃል፣ ፍራሹም ታታሚውም ይሻግታል። ልጅ ከሸናበት አትደብቁት፤ ወዲያው በደረቅ ፎጣ ጫን ጫን አድርጋችሁ ምጠጡ፣ ለአከራዩም በዚያው ጠዋት ጻፉ። ቀድሞ የተነገረ ነገር ብዙ ጊዜ በማጠቢያ ዋጋ ያልቃል።

አንድ ነገር እወቁ፦ በክፍሎቹ መሐል ያለው ግድግዳ ወረቀትና ቀጭን እንጨት ነው። የሚያንኮራፋውን ሰው ከሁሉም ርቆ አስተኙት።

7. ወጥ ቤትና የቡና ነገር

የሐበሻ ቤተሰብ የሚወድቅባት ቦታ ይቺ ናት። ቡና አትቁሉ። ከሰል አታቀጣጥሉ፣ ዕጣን አታጭሱ፣ ሻማም ቢሆን። ቤቱ ከላይ እስከ ታች እንጨት፣ ወረቀትና ሳር ነው። ጭሱ ማስጠንቀቂያውን ያስጮሃል፣ ሽታውም ታታሚ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ የጽዳት ሒሳብም ይመጣል። የተቆላና የተፈጨ ቡና ይዛችሁ ኑ። የሸክላ ጀበና ጋዝ ምድጃ ላይ ይሠራል። ጠፍጣፋ መስታወት የሚመስለው ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ግን ጭራሽ አይሞቅም፣ ስለዚህ የትኛው እንዳለ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ወጥ መሥራት ይቻላል፣ ቁሌቱ ላይ ግን ማራገቢያውን አብሩ፣ የታታሚውን ክፍል በር ዝጉ። ጠረጴዛ ላይ ብሉ። ታታሚ ላይ ከሆነ ከስር ሰፊ ላስቲክ አንጥፉ። እርድና ቅቤ ከፈሰሰ አትፈትጉ፣ በወረቀት ምጠጡ።

ብዙዎቹ የድሮ ቤቶች የመብራት አቅማቸው ትንሽ ነው። ማይክሮዌቭ፣ የውሃ ማፍያና ማሞቂያ አንድ ላይ ከበሩ ብሬከሩ ይወድቃል። ቤቱ ድንገት ከጨለመ አንዱን ንቀሉ፣ ከዚያ ብሬከሩን መልሱ። ሳጥኑ ብዙ ጊዜ በመግቢያው ወይም በልብስ ማጠቢያው በላይ ከፍ ብሎ ነው ያለው።

8. ብርድና ሙቀት

በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ማቺያ በጣም ይበርዳል። ሙቀቱ በየስንጥቁ ይወጣል። ሁሉንም ክፍል ለማሞቅ አትድከሙ፤ በሮቹን ዝጉና የተቀመጣችሁበትን ብቻ አሙቁ። ኤሲው ሪሞት ላይ ማሞቂያው «ዳንቦ»፣ ማቀዝቀዣው «ሬይቦ» ነው። የነዳጅ ምድጃ ካለ በየጊዜው መስኮት ክፈቱ፣ ስትተኙ አጥፉት፣ ልጅ ከቤት ካለ ጭራሽ አታብሩት። በጁላይና በኦገስት ተቃራኒው ነው፦ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፣ ትንኝም አለ። የግቢውን በር ሲመሽ ዝጉ።

9. ድምጽና ቆሻሻ

ከማታው ሦስት ሰዓት በኋላ ድምጽ ቀንሱ። አገር ቤት ጋ በቪዲዮ መደወል የፈለገ ከመንገዱ ርቆ ውስጠኛው ክፍል ይግባ፤ እዚያ ከሰዓት በኋላ ሲሆን እዚህ መሽቷል። በር ላይ ቆሞ ስንብት ማርዘም የለም።

ቆሻሻ መንገድ ላይ አታውጡ። የእንግዳ ቤት ቆሻሻ የሚነሳው በሌላ መንገድ ስለሆነ ጎረቤት ያጉረመርማል። የሚቃጠለውን፣ ፕላስቲኩን፣ ጠርሙስና ቆርቆሮውን ለያይታችሁ አከራዩ በነገራችሁ ቦታ ተዉ።

10. ነገር ሲከፋ

እሳትና አምቡላንስ 119፣ ፖሊስ 110። አድራሻውን በጃፓንኛ ጽፋችሁ በር ላይ አስቀምጡ።

ቁልፍ ከጠፋባችሁ ራሳችሁ በሩን አትክፈቱ፣ አከራዩን ደውሉ። ወረቀት ከተቀደደ ፕላስተር አትለጥፉ፣ ሲላጥ የበለጠ ይቀደዳል። ፎቶ አንሱና ላኩ።

መሬት ከተንቀጠቀጠ ስልካችሁ በኃይል ይጮሃል። ከመስታወትና ከሚወድቅ ዕቃ ራቁ፣ ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ። መንቀጥቀጡ ሳያቆም ወደ መንገድ አትሩጡ፣ ከጣሪያው ሸክላ ይወርዳል። ሲቆም ጫማ አድርጋችሁ በር ክፈቱ። ኃይለኛ ከነበረ ጋዙ በራሱ ይዘጋል፣ ለመመለስ አከራዩን ጠብቁ።

11. የመውጫ ቀን

መውጫው ብዙ ጊዜ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፣ ቤተሰብ ደግሞ በዚያ ሰዓት አይወጣም። ስለዚህ ማታውኑ ሻንጣ እሰሩ። ጠዋት አንሶላውን ገፍፋችሁ አንድ ላይ ሰብስቡ፣ ፍራሹን እጠፉ፣ ዕቃ እጠቡ፣ ኤሲና ፓኔል አጥፉ። ቁም ሳጥኑን እስከ ጥጉ ፈትሹ፤ ቻርጀርና የልጅ ካልሲ የሚቀሩት ፍራሽ ውስጥ ተጠቅልለው ነው። የሁሉንም ክፍል ፎቶ አንሱ። ቁልፉ የሚመለሰው በሳጥን ከሆነ ከዘጋችሁ በኋላ የኮዱን ቁጥሮች አዘበራርቁ፣ ያንንም ፎቶ አንስታችሁ ለአከራዩ ላኩ።